የመጀመሪያ ካሜራ ለቡና አገር

ጅማ ላይ ካሜራ የሚፈተነው ሁለት ቦታ ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር ባለው የቡና ጫካ ውስጥና ረፋድ ላይ በማድረቂያ አልጋዎች መካከል። አንደኛው ብርሃን ይነፍጋል፣ ሌላኛው ዓይን እስኪያጥበረብር ያፈሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋሮና ሊሙ ገነት ወርዶ ለቀማውን ማንሳት የሚፈልግ ጀማሪ መጨነቅ ያለበት ስለዚህ ብርሃን ነው እንጂ ሻጮች ስለሚያወሩለት ሜጋፒክስል አይደለም።

ዲኤስኤልአር ካሜራ ውስጡ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወቱ ነጥሮ መመልከቻው ላይ ይደርሳል። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሹተሩ ይከፈታል፣ ብርሃኑም ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ካኖንና ኒኮን ዛሬ ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባዎቹ አዙረዋል፤ የሁለቱም የመጨረሻ አውራ ዲኤስኤልአር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ወሬ ነው፤ ባለሙያው ወደ አዲሱ ሲሻገር አሮጌው በቅናሽ ይሸጣልና። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡት ካኖን 2000ዲ እና ኒኮን ዲ3500 ለመማር ይበቃሉ።

ገንዘቡ መዋል ያለበት ሌንስ ላይ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ሲያቀርብ ቀዳዳው እስከ 5.6 ይጠባል። 50 ሚሊሜትር 1.8 የሚባለው ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ጫካው ውስጥ በዚህ ሌንስ አይኤስኦን (የሴንሰሩን የብርሃን ትብነት) 640 አድርጎ የሚነሳውን ፎቶ በዚያኛው ለማንሳት ወደ 6,400 መውጣት ግድ ነው፤ ያኔ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ኒኮን ዲ3500 የገዛ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ ካሜራው ውስጥ ሌንስ የሚያዞር ሞተር ስለሌለ የራሳቸው ሞተር የሌላቸው አሮጌ ሌንሶች በእጅ ካልሆነ አያተኩሩም።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና በኋላ በኩል አስገብታችሁ ከፊት ተመልከቱ። ጥቂት አቧራ አያሳስብም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ ተዉት። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ሻጋታም እርጥበትና ጨለማ ይወዳል። ስለዚህ ካሜራን በጨርቅ ቦርሳ ከመቆለፍ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶችም አትጣሉ፣ አብራችሁ ክተቷቸው።

አሁን ወደ ማድረቂያ አልጋው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ነጣ ያለው የታጠበ ቡና ምስሉን ሞልቶት ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ቡናው አመድ ይመስላል፣ የምትለቅመው ሴት ፊትም ይጠቁራል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ወደ +1 መውሰድ፣ ወይም ብርሃኑን ከፊቷ መለካት ነው። አልጋው ራሱ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ጎንበስ ስትል ፊቷ ከስር ይበራል፤ ያንን ቅጽበት ጠብቁ። ቀይ እሸት ሲሆን ግን ተቃራኒው ነው፦ ትንሽ ቀነስ ካላደረጋችሁ ቀዩ ፍሬ መልኩን አጥቶ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። ቀትር ላይ የታጠበው ቡና ከፀሐይ ሊሸፈን ስለሚችል በጠዋት ሂዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ያነሳችሁትንም አሳትማችሁ አድርሱላቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት በሩ ክፍት ይሆናል።

ለመለማመድ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይመቻል። የእንጨቱ ሰገነት ደማቅ፣ ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ በአንድ ግቢ ሁለቱንም ብርሃን ታገኛላችሁ።

ከሁሉም የተረፈ ገንዘብ ካላችሁ ሌላ ሌንስ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁለተኛ ባትሪ ግዙ፤ ለቀማው መብራት እስኪመጣ አይጠብቃችሁም።