ስለ ቤት ማሞቂያ ማራገቢያ አጠባበቅ

ብልህ ቀጥቃጭ ብረቱን ወደ እሳት ከመክተቱ አስቀድሞ ወናፉን ይመለከታል፤ ወናፉ የተቀደደ እንደ ሆነ ፍሙ ይዳፈናል፥ ብረቱም አይለዝብለትምና። በዛሬው ቤታችንም ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው ውስጥ የተሰወረች አንዲት ትንሽ ሞተር አለች። ሥራዋም ማራገቢያውን እያዞረች ከጋለው ሽቦ ላይ ሙቀቱን ወስዳ ለቤቱ ማደል ነው። ነገር ግን ቀጥቃጩ ለወናፉ የሚያስበውን ያህል ለእርስዋ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተሠራች ከተማ ናት፤ የእንጦጦም ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከተራራው ወደ ታች በየካ በኩል ሲግናል በሚባለው ሰፈር የምንኖር ሰዎች፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ብርዱ ምን ያህል እንደሚበረታ እናውቃለን። ለጥቅምት አንድ አጥንት መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን በከተማው ዙሪያ የነበረው ዛፍ ለማገዶ ባለቀ ጊዜ፥ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ፤ ከዚያም ወዲህ የእንጦጦ እንጨት በሴቶች ጀርባ እየወረደ ብዙ ቤት አሙቋል። ኤሌክትሪክ የገባለት ቤት ከዚህ ድካም ቢያርፍም፥ ማሞቂያው በተበላሸ ቀን ፈጥኖ የሚመለሰው ወደ ከሰሉ ነው። አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በእኛ ቤት የሆነው ይኸው ነበር። ማሞቂያው ብዙ ቀን ሲያጉረመርም ሰምተን ቸል አልነው፤ አንድ ምሽትም ዝም አለ። ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ብለን የፋመ ከሰል በምድጃ አድርገን ወደ መኝታ ቤት አስገባን፥ መስኮቱንም ዘጋን። በእኩለ ሌሊት ታናሹ ልጅ ራሴን አመመኝ እያለ አለቀሰ፥ አስታወከውም። እናቱ ልታነሣው ብትቆም ጉልበትዋ ከዳት። እኔም እየተንገዳገድሁ መስኮቱን ከፈትሁና ሁላችንም ወደ ውጭ ወጣን። ልጁ ባያለቅስ ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው ባልኖረ ነበር።

ብዙ ሰው ከሰል ከፋመና ጭሱ ከጠፋ በኋላ አይጎዳም ይላል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ከደም ጋራ ይጣበቃል። በዚያም ላይ በእኛ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ መርዙ ቶሎ ያሸንፈናል። ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፥ ወደ ሐኪምም ይሂድ።

በማግሥቱ ማሞቂያው ሲፈታ፥ በሞተሩ ዘንግ ላይ አቧራና ጠጉር እንደ ባና ተጠምጥሞ ተገኘ። የጠረገው ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የሚከተለውን በቤትህ አስለምድ።

በወር አንድ ጊዜ ሶኬቱን ነቅለህ፥ ማሞቂያውም ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ፥ አየር የሚገባበትን ወንፊት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረገው፤ ውኃ ከቶ አይንካው። ብርዱ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ሙያ ያለው ሰው ከፍቶ የማራገቢያውን ክንፎች ሁሉ እኩል ይጥረግ፤ በአንዱ ክንፍ ላይ እድፍ ከቀረ ክብደቱ ተዛብቶ ዘንጉን ያንቀጠቅጠዋልና። ክንፉ በጣት ሲገፋ በቀላሉ መዞር አለበት። የዘይት ቀዳዳ ያለው ሞተር አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይበቃዋል፤ የወጥ ዘይት ግን እየረጋ ያጣብቀዋል። ቀዳዳ የሌለው ዘይት አይሻም።

ሞተሩ ቢያጉረመርም፥ ነፋሱ ቢደክም፥ የተቃጠለ ነገር ቢሸትት፥ ወይም ማሞቂያው ከመጠን በላይ ግሎ በራሱ ቢጠፋ፥ ይህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። በራሱ የሚያጠፋው መሣሪያ ቤትን ከቃጠሎ የሚጠብቅ ዘበኛ ነውና፥ እርሱን አስነቅሎ እሳቱን ማስቀጠል ዘበኛን አባርሮ በር ከፍቶ እንደ ማደር ነው።

ማሞቂያው ባይሠራም ብርድ ልብስ ይደረብ እንጂ ከሰል ወደ መኝታ ቤት አይግባ። ከዚያች ሌሊት በኋላ በእኛ ቤት የሞተሩን ድምፅ አስቀድሞ የሚያዳምጠው ያ ታናሽ ልጅ ነው፤ ጥቂት የተለወጠ እንደ ሆነ መጥቶ ይነግረናል፥ እኛም ዛሬ ቸል አንለውም።