የአጥቢያችን ስምና ድንበሩ

«ደብር» በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ብዙውን ጊዜ በከፍታ ላይ ስለሚሠሩ፣ ቃሉ ለቤተ ክርስቲያኑም በዙሪያው ላለው አገርም ስም ሆኖ ቀረ። ስም ግን ይለወጣል። የሸዋው ደብረ ሊባኖስ መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ስሙን በ15ኛው መቶ ዘመን የለወጡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። የጎጃሙ ደብረ ማርቆስም ቤተ ክርስቲያኑ ስሙን ሳይሰጠው በፊት መንቆረር ነበር።

ድንበሩስ? የአጥቢያ ድንበር ምልክቱ ወንዙ፣ ገደሉ፣ ዋርካው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም ተደረገ። ስለዚህ የቀበሌው ወሰንና የአጥቢያው ድንበር ሁልጊዜ አይገጥምም።

ባደግሁበት ገጠር ጅረቱ መሄጃውን ቀይሮ ሁለት ጎረቤታሞች ተካሰው ነበር። ነገሩን የጨረሱት የጥንቱን መውረጃ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ዛሬ የሉም፤ የነገሩንንም የጻፈው የለም።

ዕጩ መምህራን፣ ነገ ገጠር ስንመደብ አስቀድመን ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ፣ በደብተርም እናስፍር። ተማሪው የቆመበትን መሬት ስም ሳያውቅ የሩቁን አገር ካርታ ቢያጠና ምን ይረባዋል?