የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲለወጥ ለሕመምተኛው ስለ ማስታወቅ

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጤና በሁለት ነገር ይጠበቃል፤ አንደኛው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በየቀኑ መውሰዱ፣ ሁለተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ለይቶ ማወቁ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኛ ግን ዛሬ ስለ ሁለተኛው፣ ይኸውም መድኃኒቱ ሲለወጥ ለሕመምተኛው ማስታወቅ ስለሚያስፈልግበት ምክንያት ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች እናስረዳለን።

ይህ በሽታ ከአንጎል ሥራ መታወክ የሚመጣ እንጂ የርግማን ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ አይደለም፤ በአረፋም ሆነ በመንካት አይተላለፍም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አድርገው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው ተገኝቷል። ስለዚህ በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና ወይም በገለምሶ ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ሊኖር እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በ1968 እ.ኤ.አ. በአውስትራልያ በብሪዝበን ከተማ፣ ፌኒቶይን የተባለውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ብዙ ሕመምተኞች ያለ ወትሯቸው ይንገዳገዱ ጀመር። ነገሩ ሲመረመር የመድኃኒቱ መጠን እንዳልተለወጠ፣ የተለወጠው በካፕሱሉ ውስጥ የሚጨመረው መሙያ ዱቄት ብቻ እንደ ሆነ ታወቀ። በካልሲየም ሰልፌት ፈንታ ላክቶስ በመግባቱ መድኃኒቱ ከቀድሞው በበለጠ ወደ ደም ይገባ ኖሯል።

ከዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተነሣ፣ የብሪታንያ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኖባርቢታልና ፕሪሚዶን የሚወስዱ ሰዎች በአንድ ፋብሪካ ሥራ እንዲጸኑ መከረ። በአሜሪካም እንደ ሐዋይና ቴኔሲ ባሉ ግዛቶች፣ የዚህ በሽታ መድኃኒት በሌላ ሲተካ ማስታወቅን ወይም ፈቃድ መጠየቅን የሚያዝ ሕግ ወጥቷል።

በአገራችን የመድኃኒት ቁጥጥር አዋጆች ቁጥር 176/1991፣ ቁጥር 661/2002 እና ቁጥር 1112/2011 በየተራ ወጥተዋል። የመጨረሻው አዋጅ ወደ ሕዝብ የሚደርሰው መድኃኒት ደኅንነቱ፣ ፈዋሽነቱና ጥራቱ የተረጋገጠ እንዲሆን ይሻል። ነገር ግን ጥራቱ የተረጋገጠ ክኒን እንኳ ሳይነገር ሲለወጥ ሊጎዳ ይችላል። ለምሳሌ ፌኖባርቢታል ባለ 30 እና ባለ 100 ሚሊግራም ክኒን ሆኖ ይሠራል። ማታ ማታ አንድ ባለ 100 ክኒን የለመደ ሰው ባለ 30 ተሰጥቶት እንደ ልማዱ አንድ ብቻ ቢውጥ፣ ከሚገባው ሲሶ እንኳ አላገኘም። ሕመሙም ይመለስበታል፤ ምናልባት በምድጃ እሳት ላይ ወይም በወንዝ ዳር ይወድቃል። ቀለሙ ስለ ተለወጠ ብቻ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ፈጽሞ የሚተወውም አለ፤ ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ ግን ሳያባራ ተከታትሎ የሚመጣና ሕይወት የሚያሳልፍ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ ማናቸውም ሕመምተኛ ወይም አስታማሚ መድኃኒት ሲቀበል ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስሙ የቀድሞው ነውን? ሚሊግራሙስ ያው ነውን? በቀን ስንት ክኒን ልውሰድ? የቀድሞውንም ማሸጊያ ይዞ መሄድ ይረዳዋል። የመድኃኒት ቤት ባለሙያም ሳይጠየቅ ይንገር፤ ከገጠር የሚመጣው ሕመምተኛ በብዛት ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለ ሆነ፣ የሚነገረው ቃል እርሱ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን።

መምህራን ሆይ፣ ደኅና የነበረ ተማሪ ድንገት እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው፣ ቢንገዳገድ ወይም ሕመሙ ቢመለስበት፣ ስንፍና ነው ከማለት አስቀድማችሁ መድኃኒቱ ተለውጦ እንደ ሆነ ወላጆቹን ጠይቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንዲወስዱት ምከሩ።

የተለወጠ መድኃኒት ሁሉ ክፉ ነው አንልም፤ በዋጋ የረከሰውም ያው ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። የምንለው፣ ለውጡን ሕመምተኛው ይወቀው፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ ነው።