ቀን የሚያሸልቡ አረጋውያን፣ ሌሊት የሚነቁ እህቶች

በሊባኖስ ባዕብዳ፣ ከሐዝሚየህ እስከ ሐደስ በተደረደሩት ፎቅ ቤቶች፣ ብዙ አረጋውያን ውሏቸው አንድ ወንበር ላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የበረታው የኢኮኖሚ ቀውስ የመንግሥትን መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚመጣ አደረገው፤ አሳንሰር በቆመበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ የሚኖር ጉልበተ ደካማ ወደ ገበያም ወደ መስጊድም መውረዱ ቀረ። የብዙዎቹ ልጆች ባሕር ማዶ ናቸው። አጠገባቸው የምትገኘው ከወሎ፣ ከጅማ ወይም ከአርሲ የሄደች እህት ናት።

እርሷ የቤቱን ሰዓት ከሐኪም ይልቅ ታውቃለች። የማዳም እናት ከቁርስ በኋላ ያንቀላፋሉ፣ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ፣ ከመግሪብ በፊት ቴሌቪዥኑ ፊት ያሸልባሉ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይነቁና ይጣራሉ።

እንቅልፍን የሚያመጣው ነቅቶ በመዋል የሚጠራቀም ድካም ነው፤ ቀን በጥቂት በጥቂቱ ያለቀ ድካም ለሌሊት አይተርፍም። በእርጅና ጥልቁ እንቅልፍ ያጥራል፣ የሰውነት ሰዓትም ይቀድማል፤ በጊዜ መተኛትና በጊዜ መንቃት በራሱ በሽታ አይደለም። ጉዳቱ የሚብሰው መጋረጃ ተዘግቶ፣ እግርም ሳይላወስ ሲዋል ነው። በ2007 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ አውሎ ሲለካ፣ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ ቀንሶ ተገኝቷል። ጤነኞቹ እንዲህ ከሆኑ የደከሙትማ!

የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ዕድሜያቸው 65 ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል፤ ያልቻለ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ይንቀሳቀስ ይላል። በፎቅ ቤት ይህ ማለት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ መሞቅ፣ ጠረጴዛ ተደግፎ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ የሙሉኪያ ቅጠል መቀንጠስ ነው። ለውዱእ ደግፎ እስከ ቧንቧው መውሰድም እንዲሁ። ውኃውን በሳፋ ወንበሩ ድረስ ማምጣት ደግነት ይመስላል፤ መራመድ ለሚችል ሰው ግን የቀኑን ጥቂት እርምጃ መንጠቅ ነው። ቀይሉላ የለመዱ ቢኖሩ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል።

የእንቅልፍ ክኒንን በተመለከተ መጠንቀቅ ያሻል። በአረጋውያን ላይ መውደቅንና ስብራትን ያበዛል፤ ያለ ሐኪም አይጀመርም፣ የተጀመረውም በድንገት አይቋረጥም።

ሌሊት ሦስት ጊዜ የተነሣችው እህት ግን ማለዳ ሥራዋን ትጀምራለች። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል በሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓታት ይሰጣል፤ በ2020 የተሻሻለው ውል ደግሞ ብዙም ሳይቆይ በአስተዳደር ፍርድ ቤት ታገደ። ስምንቱ ሰዓት በወረቀት ላይ አለ፤ በር ላይ የሚቆም ጠባቂ ግን የለውም። ለማዳም «ደከመኝ» ከማለት ይልቅ «እናትዎ ቀን ስለማይንቀሳቀሱ ሌሊት አይተኙም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት በረንዳ ላይ እንዲያሳልፉ ይፍቀዱልኝ» ማለት ሰሚ ሊያገኝ ይችላል።