ከሱቅ በደረቴ እስከ ታላቅ መደብር

በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ የአሜሪካ ከተሞች ከአውሮፓ በመርከብ በሚጎርፈው ሕዝብ ምክንያት በፍጥነት አደጉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. የሺካጎ ከተማ ነዋሪ 300,000 ያህል ነበር። በማግሥቱ ዓመት ታላቅ ቃጠሎ ቢደርስባትም፣ በ1890 ዓ.ም. ሕዝቧ ከ1,000,000 በላይ ሆነ። በኒውዮርክ ወደብም የሚመጣውን ስደተኛ ለመቀበል በ1892 ዓ.ም. የኤሊስ ደሴት ጣቢያ ተከፈተ።

ይህ ሁሉ ሰው የሚበላውንና የሚለብሰውን፣ ቤቱንም የሚያሰናዳበትን ዕቃ ይፈልግ ስለ ነበር ገበያው ሰፋ። መጤው ግን ገዢ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሱቅ ለመክፈት ገንዘብ ያልነበረው ሸቀጡን በጀርባው ተሸክሞ፣ ወይም በኒውዮርክ ሄስተር ጎዳና እንደሚታየው በእጅ ጋሪ እየገፋ ይነግድ ነበር።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው ላዛሩስ ስትራውስ ነው። በ1852 ዓ.ም. ከባቫሪያ ግዛት ተነሥቶ አሜሪካ ከገባ በኋላ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ከመንደር መንደር እየዞረ ሸቀጥ ይሸጥ ጀመር። ጥቂት ጥሪት ሲይዝ ታልበተን በምትባል ትንሽ ከተማ ሱቅ ከፍቶ፣ በ1854 ዓ.ም. ሚስቱንና ልጆቹን አስመጣ። ከአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ተዛውሮ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ አስመጪ ሆነ። በ1874 ዓ.ም. ሜሲ ከተባለው መደብር ምድር ቤት ቦታ ተከራይቶ ዕቃውን ዘረጋ። የስትራውስ ልጆች ኢሲዶርና ናታን በ1888 ዓ.ም. የመደብሩ ሸሪኮች፣ በ1896 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ባለቤቶች ሆኑ።

ሜሲን የመሰሉ መደብሮች የገበያውን ልማድም ለወጡ። ዋጋው ቁርጥ ስለሆነ ክርክር ቀረ፤ እንግሊዝኛ አጥርቶ የማይናገረው እንግዳም የአገሩ ተወላጅ በሚከፍለው ዋጋ ለመግዛት ቻለ። ሜሲ በዱቤ መሸጥን ትቶ እጅ በእጅ ብቻ እየሸጠ ዋጋውን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ሆኖም ዕድገቱ ለሁሉ እኩል አልሆነም። በ1882 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ከለከለ። በየጠባቡ ክፍል ልብስ የሚሰፉ መጤዎች በትንሽ ደመወዝ ረጅም ሰዓት ይደክሙ ነበር። በ1890ዎቹም የሺካጎ ባለሱቆች ትላልቆቹ መደብሮች ገበያቸውን ስለ ወሰዱባቸው በሕግ እንዲገደቡላቸው ጠየቁ፤ መደብሮቹ ግን እየተስፋፉ ሄዱ።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው የሚገነዘበው ነገር አለ። ከተማ ሲያድግ ገበያ ይሰፋል፤ ነገር ግን የሰፋው ገበያ የቀድሞውን ባለሱቅ ሳይነካ አያልፍም። ስትራውስ በሌላው መደብር ምድር ቤት ቦታ መከራየትን አልናቀም፤ ገዢው ወደሚሄድበት ሄደ። ስለዚህ ዛሬ ሸቀጡን በደረቱ ይዞ የሚዞረው ወጣት ነገ አስመጪ ወይም ሸሪክ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ለባለ መደብሩ የሚበጅ ነው።