«ደህና ነው» አይበቃም፣ ቁጥሩን ይጠይቁ

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ሆስፒታሏም ጉዳት ደርሶበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሕክምና ካርዱ የጠፋበት ታካሚ፣ የልኬቱን ቁጥር ራሱ ካልያዘ ሌላ ከተማ ያለው ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል።

ዛሬ ካርዱ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ቢሆንም አመዘጋገቡ ወሳኝ ነው። የደም ግፊት 150/95 ሲባል ልኬቱ ሁለት ነው፤ የላይኛውና የታችኛው በየራሳቸው ቦታ በቁጥር መግባት አለባቸው። «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብሎ ከተጻፈ ግን ኮምፒውተሩ ካለፈው ወር ጋር ሊያወዳድረው አይችልም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልችልም።

በስኳር ላይ ስህተቱ የከፋ ነው። መለኪያው ሳይጠቀስ «20» ብቻ ቢጻፍ፣ በሚሊሞል በሊትር ከሆነ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ 360 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት ነው። 20 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ ዝቅተኛ ስኳር ነው። የሁለቱ ሕክምና ተቃራኒ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ከነመለኪያው፣ ቀኑን ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ በባዶ ሆድ ወይም በልተው መለካትዎንም ጭምር በደብተርዎ ያስፍሩ። በይፋት ቆላ ልጅዎን ወባ ከያዘው ክብደቱ በኪሎ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በእሱ ነው።