ስም የማይጠይቅ መዝገብ

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ የብሔራዊ ደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት አለው። መጽሐፍ አይዋሱበትም። የሚሰበሰበው ኦሪጅናል ሶፍትዌር ነው፤ ከዊንዶውስ ሲዲ እስከ ኮምፒውተር ጌም። ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን ጥቅል ፈትተው የያዛቸውን ፋይሎች ዲጂታል አሻራ፣ በሙያው አጠራር ሃሽ፣ ይመዘግባሉ።

ሃሽ ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ ቁጥር ነው። ሻ-256 በተባለው ስልት አጭር ደብዳቤም ሆነ ሙሉ ፊልም 64 ፊደላትና አኃዞች ይወጡታል። ምንም ያልተጻፈበት ፋይል እንኳ የራሱ አለው፤ የትም ቢሰላ በ«ኢ3ቢ0ሲ44298» ይጀምራል። አንዲት ነጥብ ከጨመሩበት ግን ውጤቱ ከዳር እስከ ዳር ይለወጣል። የፋይሉ ስም ቢቀየር ግን ምንም አይሆንም፤ ስም በስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው መርማሪ ፖሊስ የተያዘ ላፕቶፕ ሲፈትሽ ነው። በዲስኩ ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ከዊንዶውስና ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የመጡ ናቸው። ሃሻቸው ከኒስት መዝገብ ጋር ከተመሳከረ በኋላ እነዚያ ወደ ጎን ይላሉ፤ ለመርማሪው የሚቀረው በአብዛኛው ባለቤቱ ራሱ ያስገባው ደብዳቤ፣ ፎቶና ሰነድ ነው። የሠርግ ፎቶ የሚል ስም ተለጥፎበት የተደበቀ የታወቀ የጠለፋ ፕሮግራምም እዚሁ ይጋለጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመዝገቡ መገኘት «ታዋቂ» ማለት እንጂ «ንጹሕ» ማለት አይደለም፤ የጠለፋ መሣሪያዎችም ተመዝግበውበታል። ስልቶቹም ያረጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግልና የአምስተርዳሙ የምርምር ማዕከል ሲደብሊውአይ ይዘታቸው የተለያየ ሁለት ፒዲኤፍ ፋይሎች ሻ-1 በተባለው የቀድሞ ስልት አንድ ዓይነት ሃሽ እንዲኖራቸው አድርገው አሳይተዋል።

ነገሩ ተራውን ተጠቃሚም ይነካል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንት ሥርዓተ ክወናን ድረ ገጽ ሰብረው የማውረጃ ማስፈንጠሪያውን የኋላ በር (ስውር መግቢያ) ወዳለው ቅጂ አዞሩት። የሚንት ቡድን ተጠቃሚዎች ያወረዱትን እንዲያመሳክሩ ትክክለኛዎቹን ሃሾች ይፋ አደረገ። ሆኖም ፋይሉን የለወጠ ሌባ አጠገቡ የተጻፈውንም ሃሽ መለወጥ አያቅተውም። ሌላው የሊኑክስ ሥርዓት ደቢያን የጥቅሎቹን የሃሽ ዝርዝር በዲጂታል ፊርማ የሚያስረው ለዚህ ነው።

ያወረዱትን ፕሮግራም ከመጫንዎ በፊት ማመሳከር ከፈለጉ፣ ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል፣ ሊኑክስ ላይ ሻ256ሰም የተባሉት ትእዛዞች ሃሹን ያወጡልዎታል፤ ሁለቱም ከሲስተሙ ጋር አብረው የሚመጡ ናቸው።